ቤይሊፉ የጻፈው ቁጥር ሁሉ ሕግ አይደለም

(ለንደን ውስጥ ለሀገር ልጆች በተደረገ የእሁድ ስብሰባ ላይ የተነገረ፣ በትንሹ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶች አባቶች፣ እህት ወንድሞች። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላጥራ፤ ዛሬ የመጣሁት ካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደሩ፣ ማለት ካውንስሉ፣ በመኖሪያ ቤት ላይ የሚሰበስበው ግብር) እንዴት ሳይከፈል ይቀራል የሚለውን ላስተምር አይደለም፣ እሱን ቲክቶክ ላይ የሚያስተምሩ ሞልተዋል፣ «እኔ አልፈረምኩም፣ ውል የለኝም» ምናምን እያሉ፣ እነሱን የሰማ ሰው መጨረሻ ላይ ዕዳውም ወጪውም ራሱ ላይ ነው የሚወድቀው። ዕዳው የእናንተ ከሆነ የእናንተ ነው። እኔ የማወራው ዕዳው ላይ ስለሚቆለለው ገንዘብ ነው፣ 400 ፓውንድ የነበረች ዕዳ ቤይሊፍ (ያልተከፈለ ዕዳ ለማስከፈል፣ ካልሆነም ዕቃ ለመያዝ የሚላክ ሰው) በር ላይ ሲደርስ 710 የምትሆንበትን ነገር፣ እና ከዛም አልፋ 820 ሆና ስትመጣ ያቺ የመጨረሻዋ 110 ከየት መጣች ብሎ መጠየቅ ስለመቻል።

አካሄዱን ቶሎ ልለፈው፣ አብዛኞቻችሁ በኑሮ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ካውንስል ታክስ ብዙ ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል (በ12 ወር ይሁንልኝ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ይሄን የማያውቀው ሰው ብዛት ይገርመኛል)። አንዱን ወር ስትዘሉ ማስታወሻ ይመጣል፣ በ7 ቀን ክፈሉ ይላል፣ ካልከፈላችሁ ሌላ 7 ቀን ይጠበቅና የወር የወር የሚባለው ነገር ቀርቶ የዓመቱ ቀሪ ባንዴ ይጠየቃል። ከዛ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ከዛ ላያቢሊቲ ኦርደር የሚሉት፣ ዕዳው እንዳለባችሁ የሚያጸና ትእዛዝ፣ ይሄ ትእዛዝ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ስም በጅምላ ተይዞ የሚወጣ ነው። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ካውንስሉ ከደሞዝ መቁረጥ ይችላል፣ ከቤኔፊት (መንግሥት ከሚሰጣችሁ ድጎማ) ማስቆረጥ ይችላል፣ ቤይሊፍም መላክ ይችላል። ቤይሊፍ የሚመረጠው ለምን እንደሆነ ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፣ የቤይሊፉን ሥራ የሚከፍለው ካውንስሉ ሳይሆን ባለዕዳው ነዋ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁምና የመጥሪያውን ወጪም ላንሳ፣ እሱ የቤይሊፍ ክፍያ አይደለም ግን ቁልሉ የሚጀምረው እዛ ነው። ቶተንሃም ይኖሩ የነበሩ ጡረታ የወጡ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ፣ ቄስ ፖል ኒኮልሰን፣ በ2013 መንግሥት የካውንስል ታክስ ድጎማውን ሲቀንስና በቤኔፊት የሚኖሩ ድሆችም ክፈሉ ሲባሉ እኔም አልከፍልም ብለው ተቃወሙ። የሃሪንጌይ ካውንስል መጥሪያ ላከባቸው፣ ከነ 125 ፓውንድ ወጪው። ሰውየው ዕዳውን ትተው ያቺን 125 ያዙ፤ ይሄ ቁጥር እንዴት ተሰላ፣ ለኔ ወረቀት 125 ፓውንድ የወጣበት በምን ሒሳብ ነው ብለው እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በሜይ 2015 ዳኛዋ ማጅስትሬቶቹ ወጪው በትክክል የወጣና ተገቢ መሆኑን የሚያሳይ በቂ መረጃ ሳይኖራቸው ነው የፈረዱት ብላ ፈረደችላቸው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ነገር ሰውየው ዕዳውንና ወጪውን ለያይተው ማየታቸው ነው። ዛሬ የምላችሁም ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ ነው የቆመው፤ ዕዳው ሌላ፣ ክፍያው ሌላ። ዕዳው ላይ መከራከሪያ የሌለው ሰው ክፍያው ላይ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ክፍያው። ድሮ ቤይሊፍ የመጀመሪያ ጉብኝት ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ጉብኝት ይህን ያህል፣ ቫን ይዤ መጥቻለሁ እያለ ያስከፍል ነበር፣ ቫኑ ምን ያወጣል የሚለውን ደግሞ ራሱ ነበር የሚወስነው። ከ6 ኤፕሪል 2014 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ይሄ ተሰርዞ ክፍያው በሦስት ደረጃ ተቆረጠ። ሕጉ ሲወጣ የተቆረጠው እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ቤይሊፉ እጅ ሲገባና ማስታወቂያ ሲልክ 75 ፓውንድ፣ ካልተከፈለ ወይም ካልተስማማችሁና በር ድረስ ሲመጣ 235 ፓውንድ፣ ዕዳው ከ1,500 በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1,500 በላይ ባለው ላይ 7.5 ከመቶ፣ ሦስተኛው ዕቃ ጭኖ ለሐራጅ ለመውሰድ ሲመጣ ወይም ሽያጩን ማዘጋጀት ሲጀምር 110 ፓውንድ፣ እሱም ላይ ያችው 7.5 ከመቶ አለች። ቁጥሩ በየጊዜው ሊከለስ ስለሚችል ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ በዛ ቀን ከሚሠራው ሠንጠረዥ ጋ አስተያዩት፣ የመንግሥት ዌብሳይት ላይ በነፃ አለ። እኔ ዛሬ ሒሳቡን በ2014ቱ ቁጥር ነው የምሠራላችሁ፣ አሠራሩ ያው ነው።

ልብ በሉ፣ ክፍያው ቁርጥ ነው፣ ዕዳው 150 ይሁን 1,400 ያው 75 እና ያው 235 ነው። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት የሚጎዳው ትንሽ ዕዳ ያለበት ሰው ነው። እኛ ሀገር ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እዚህ ግን ዝም ይነቅዛል፤ 75ቷ ደብዳቤ ስትመጣ ደውሎ በወር ይህን ያህል ልክፈል ብሎ የተስማማና ስምምነቱን የጠበቀ ሰው 235ቷን አያያትም፣ ፖስታውን ፍሪጅ ላይ የሚያስቀምጠው ነው የሚከፍላት።

እሺ፣ ታዲያ ስህተቱ የት የት ጋ ነው የሚገኘው?

አንደኛው ቀኑ ነው። ማስታወቂያው ከደረሳችሁ በኋላ 7 ሙሉ ቀን መጠበቅ አለበት፣ እሁድና የባንክ ሆሊደይ አይቆጠሩም፣ ወረቀቱ የደረሰበት ቀንና የሚመጣበት ቀንም አይቆጠሩም። ማለት ሰኞ የደረሳችሁ ከሆነ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድን ዝለሉ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሰባት ሞላ፣ ስለዚህ ከሚቀጥለው ረቡዕ በፊት በር ላይ ቢቆም ያ ጉብኝት ሕጉን አልጠበቀም፣ 235ቷም አብራ ትነሳለች። ጉብኝቱ ራሱ መደረጉም መረጋገጥ አለበት። «በዚህ ቀን መጥተን አጣንዎት» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ ብዙ ሰው አምኖ ይከፍላል። አንድ የማውቀው ወንድም፣ በሩ ላይ ካሜራ ያለው ደወል አለው፣ ቤይሊፉ መጣሁ ባለበት ሰዓት ካሜራው ላይ የሚታየው የጎረቤት ድመትና የአማዞን ሰውዬ ብቻ ነው። ጻፈላቸው፣ ሰዓቱንና መኪናው የቆመበትን የጂፒኤስ መረጃ አምጡ፣ የሰውነት ካሜራ ካላችሁም ቪዲዮውን ላኩልኝ አላቸው፣ መልሱ ሲመጣ ስለ ጂፒኤስ አንድም ቃል የለበትም፣ 235ቷ ግን «በመልካም ፈቃድ» ተነስታለች ይላል። መልካም ፈቃድ ይባል እሺ፣ ዋናው መነሳቷ።

ሁለተኛው ትልቁ ነው፣ እባካችሁ ይሄን በደንብ ስሙኝ። የሁለት የሦስት ዓመት ዕዳ ሲኖርባችሁ ለየዓመቱ የተለየ ላያቢሊቲ ኦርደር ይወጣል፣ ቤይሊፉ ሦስቱንም ይዞ አንድ ቀን፣ አንዴ፣ አንድ በር ላይ ይመጣና ሦስት ጊዜ 235 ያስከፍላል። ሕጉ ግን፣ ያው የ2014ቱ የክፍያ ደንብ አንቀጽ 11 ላይ፣ አብረው ሊፈጸሙ የሚችሉ ትእዛዞችን በተቻለ መጠን አብራችሁ ፈጽሙ፣ ወጪውን አሳንሱ ይላል፤ 75ቷን ለያንዳንዱ ማስከፈል ይችላሉ፣ የጉብኝቷ 235 ግን አንዴ ብቻ ነች፣ 7.5 ከመቶውም በድምሩ ላይ ይሰላል። ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ። የአንደኛው ዓመት 600፣ የሁለተኛው 540፣ የሦስተኛው 700፣ ድምሩ 1,840። ሦስት ጊዜ 75፣ 225። አንድ ጊዜ 235። ከ1,500 በላይ ያለው 340 ነው፣ የሱ 7.5 ከመቶ 25 ፓውንድ ከ50 ፔንስ። ጠቅላላ ክፍያ 485 ከ50። ቤይሊፉ ለየብቻ ቆጥሮ 310 ሲባዛ በ3 ቢል 930 ነው። ልዩነቱ 444 ከ50 ነው፣ የአንድ ቤተሰብ የስንት ሳምንት አስቤዛ ማለት ነው። ድርጅቱ «ትእዛዞቹ በተለያየ ጊዜ ነው የደረሱን» ሊል ይችላል፣ አንዳንዴ እውነት ይሆናል፣ ያኔ እያንዳንዱ መቼ ደረሳችሁ፣ መቼ መቼ ነው የጎበኛችሁኝ ብላችሁ ቀኑን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

ሦስተኛው ያቺ የ110ሯ ናት። በመጀመሪያው ጉብኝት መኪና ላይ ክላምፕ (ጎማውን የሚቆልፍ ብረት) አድርጎ እዛው 110ሯን መደመር የተለመደ ሆኗል። ክላምፕ ማድረግ ዕቃ መያዝ ነው፣ የሁለተኛው ደረጃ ሥራ ነው፣ ለሽያጭ መውሰድ አይደለም። ዕቃ ሊጭን ካልመጣ፣ ሽያጭ ማዘጋጀት ካልጀመረ 110ሯ የለችም። ከሦስቱ ደረጃ ውጪ ሊጠይቅ የሚችለው እንደ ማከማቻ ወይ ቁልፍ ሠሪ ያለ በእውነት የወጣና ተገቢ የሆነ ወጪ ብቻ ነው፣ ደረሰኙን አሳዩኝ በሉት። የደብዳቤ፣ የቫን፣ የ«አስተዳደር» የሚባል ክፍያ ካያችሁ ከ2014 በፊት የቀረ ሰው ነው የጻፈው።

አራተኛው ብዙዎቻችንን ይመለከታል። ባለዕዳው ለችግር ተጋላጭ ከሆነ፣ ዕቃው ተይዞ ከመወሰዱ በፊት ምክርና ዕርዳታ የሚያገኝበት በቂ ዕድል ካልተሰጠው የጉብኝቱ ክፍያ አይጠየቅም ይላል ደንቡ። ተጋላጭ ማነው? የመንግሥቱ የቤይሊፎች መመሪያ ሊሆኑ የሚችሉትን ሲዘረዝር አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በጠና የታመሙ፣ በቅርብ ሰው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሥራ የሌላቸው ካለ በኋላ እንግሊዝኛ ለመረዳት ወይ ለመናገር ወይ ለማንበብ በግልጽ የሚቸገሩትንም ይጨምራል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስንቶቻችን እናት ናት ይቺ! እና እናታችሁ በር ላይ ቆማ «ኖ ኢንግሊሽ» ስትለው ቤይሊፉ የ13 ዓመት ልጇን ጠርቶ አስተርጉም ብሎ ከሆነ፣ በዛው ቀን ያን ጻፉት፣ ለድርጅቱም ለካውንስሉም ላኩት። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ መግባት አይችልም።

ስለ መግባት ካነሳን፣ ለካውንስል ታክስ ዕዳ ቤይሊፍ በመጀመሪያ ጊዜ በር ሰብሮ ወይ ገፍቶ አይገባም፣ በመስኮትም አይገባም፣ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ አይመጣም (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምለው)። በሩን ሳትከፍቱ በመስኮት ወይ በስልክ አናግሩት። ሐበሻነታችን «ግባ፣ ቡና ጠጣ» ያሰኘናል፣ አይ፣ ይሄኛው እንግዳ ከገባ ቲቪያችሁን ጽፎ ነው የሚወጣው። ኮንትሮልድ ጉድስ አግሪመንት የሚባል ወረቀት ከሰጣችሁ ዕቃው ቤት ይቆይ፣ ካልከፈላችሁ ግን እወስደዋለሁ የሚል ውል ነው፣ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የሚኒካብ ሹፌሮች ደግሞ እጅ ሲያወጡ አያለሁ፣ እሺ መጣሁላችሁ። ለሥራ የሚያስፈልግ ዕቃ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ ከመያዝ ነፃ ነው፣ ግን ድምሩ ነው 1,350፣ ዛሬ ፕሪየስ በዚህ ዋጋ የት አለ፣ ስለዚህ የራሳችሁ የሆነ ጥሩ መኪና በዚህ አንቀጽ አይተርፍም። የብዙዎቻችሁ መኪና ግን የናንተ አይደለም፣ በሳምንት የተከራያችሁት ነው፣ የሌላ ሰው ንብረት በናንተ ዕዳ አይያዝም፣ የኪራይ ውሉን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ክላምፕ ካደረጉት ወዲያው ለመኪናው ባለቤትም ለድርጅቱም ላኩት። ብሉ ባጅ የተለጠፈበትና በዛ አካል ጉዳተኛ የሚጠቀምበት መኪናም አይነካም። ቤት ውስጥ ደግሞ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አይወሰድም።

እንዴት ነው የምንጽፈው ላላችሁኝ፣ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ። ንዴታችሁን ለጓደኛ ንገሩት፣ ደብዳቤው ላይ ቁጥርና ቀን ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ለቤይሊፍ ድርጅቱ ኢሜይል፤ ስንት ላያቢሊቲ ኦርደር አለ፣ የየትኛው ዓመት፣ የእያንዳንዱ ዕዳ ስንት ነው፣ እያንዳንዱ ክፍያ በምን ደረጃ በየት ቀን ተጨመረ፣ የመጣው ሰው ስሙ ማነው፣ የፍርድ ቤት ሰርተፍኬት አለው ወይ (ስማቸው የሚፈለግበት መዝገብ ኦንላይን አለ)። የተያዘባችሁን መረጃ በሙሉ መጠየቅም መብታችሁ ነው፣ በነፃ ነው፣ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው። በዛው ቀን ኮፒውን ለካውንስሉ ላኩ፣ «ቅሬታ» የሚል ቃል ርዕሱ ላይ ይኑር። ካውንስሉ «እሱ የቤይሊፉ ጉዳይ ነው፣ እነሱን አናግሩ» ይላችኋል፣ እንደዛ የማይል ካውንስል አላየሁም፣ ግን ቤይሊፉ የሱ ወኪል ነው፣ ወኪሉ ለሠራው ኃላፊው እሱ ነው፣ ጉዳዩን ከቤይሊፉ መልሶ መውሰድም ይችላል። የካውንስሉ የመጨረሻ መልስ ካላረካችሁ የአካባቢ መንግሥትና የሶሻል ኬር እንባ ጠባቂው አለ፣ በነፃ ነው፣ ነገሩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ሂዱ። እንባ ጠባቂው ግን ፍርድ ቤት ያወጣውን ትእዛዝ አይሽርም፣ የካውንስሉንና የወኪሉን አሠራር ነው የሚያየው።

ከታዳሚ የመጡትን ጥያቄዎች ልመልስ።

አንዷ እህት ቤይሊፉን ትቼ ቀጥታ በካውንስሉ ዌብሳይት ዕዳዬን ብቻ ብከፍልስ አለች። ብዙ ሰው ይመክረዋል፣ እኔ አልመክርም። ጉዳዩ ቤይሊፍ እጅ ከገባ በኋላ በትክክል የተጨመረው ክፍያም ከዕዳው ጋ አብሮ የሚጠየቅ ነው፣ የከፈልሽውን ዕዳዬን ጨረስኩ ብለሽ ስትቀመጪ ለቀሪው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከሚከፈለው ላይም መጀመሪያ የሚነሳው የ75ቷ ክፍያ ነው፣ የተረፈው ለዕዳውና ለሌላው ክፍያ በየድርሻው ይከፋፈላል። ክፍያው ስህተት ነው ካልሽ ስህተቱን በጽሑፍ ተከራከሪ፣ የማትከራከሪበትን ግን መክፈልሽን አታቁሚ።

ሌላው ወንድም የምኖረው ሼር ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፣ ካውንስል ታክሱ በስሜ መጣ አለ። ይሄ ክፍያው ሳይሆን ዕዳው ራሱ የሚታይበት ነው። ባለቤቱ ክፍሎቹን ለየብቻ በየራሱ ውል የሚያከራይ ከሆነ ከፋዩ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፣ ውልህን ይዘህ ለካውንስሉ ጻፍ፣ እምቢ ካለ ቫልዩዌሽን ትሪቡናል የሚባል የካውንስል ታክስ ክርክር የሚያይ ችሎት አለ። ሁላችሁም ባንድ ውል ላይ አብራችሁ ከፈረማችሁ ግን ጓደኛህ ያልከፈለውንም አንተን ሊጠይቁህ ይችላሉ።

ጭራሽ መክፈል የማልችልስ ላሉት፣ ከ4 ሜይ 2021 ጀምሮ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል ሕግ አለ፣ በዕዳ አማካሪ በኩል ይጠየቃል፣ ከተፈቀደ 60 ቀን ቤይሊፍ ይቆማል። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅ፣ ናሽናል ዴትላይን በነፃ ይረዳሉ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብቻውን የሚኖር ሰው 25 ከመቶ ቅናሽ እንዳለው፣ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ካውንስል ታክስ ድጎማ እንዳለም አትርሱ፣ ሳትጠይቁ ማንም አያስታውሳችሁም።

የመጨረሻው ጥያቄ ፍርድ ቤት ብወስዳቸውስ የሚል ነው። ሁለት መንገድ አለ፣ ክፍያው እንዲመረመር ማመልከት ይቻላል፣ ቤይሊፉ ሰርተፍኬቱን መያዝ የለበትም የምትሉ ከሆነ ደግሞ ኢኤሲ ቱ በሚባል ፎርም ለካውንቲ ፍርድ ቤት አቤቱታ አለ። ሁለቱም ላይ በቂ ምክንያት ሳይኖራችሁ ሄዳችሁ ከተሸነፋችሁ የነሱን የጠበቃ ወጪ ሊያሸክሟችሁ ይችላሉ፣ ሰው 235ን ሊያስመልስ ሄዶ ሺህ ተፈርዶበት ሲወጣ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ነፃውን መንገድ፣ ድርጅቱን፣ ካውንስሉን፣ እንባ ጠባቂውን ጨርሱ፣ ፍርድ ቤቱን ከጠበቃ ወይ ከዕዳ አማካሪ ጋ ተነጋግራችሁ ብቻ። ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ አትሂዱ፣ ማስታወቂያው የደረሳችሁ በዚህ ሳምንት የሆነውን እናስቀድማለን፣ ሰባቱ ቀን ያልሞላባችሁ ማለቴ ነው።